ሬሚንግተን 700 ወይስ ዊንቸስተር ሞዴል 70? ስለ አጋዘን ጠመንጃ ምርጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአደን ወቅት ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «700 ልግዛ ወይስ ሞዴል 70?» ሁለቱም በእጅ የሚቀባበሉ ጠመንጃዎች ናቸው። ዊንቸስተር ሞዴል 70ን በ1936፣ ሬሚንግተን 700ን በ1962 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ስንት አጋዘን እንደጣሉ ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም። ሥራዬ ጠመንጃ መጠገን ስለሆነ ሁለቱንም እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ጥያቄው አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሰዉ የሚመርጥበት መለኪያ ነው።

«ዒላማ ላይ ጥይቱን ይበልጥ የሚሰበስበው ይሻላል»

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። ደንበኛው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ላይ ሦስት የተጠጋጉ ቀዳዳዎች አሉ። «የጓደኛዬ በ100 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበስባል፣ የእኔ 4 ተኩል ነው፣ ልቀይረው?» ይላል።

እስቲ እናስላው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከመሃሉ ወደየትም ብትሄዱ 10 ሳንቲ ሜትር አላችሁ ማለት ነው። ርቀቱን 200 ሜትር እናድርገው። የጓደኛው ጠመንጃ በ6፣ የእሱ በ9 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ይጥላል። ከመሃል ሲለካ አንዱ ቢበዛ 3፣ ሌላው 4 ተኩል ይርቃል። ልዩነቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል! አጋዘኑ ይህችን ልዩነት አያውቃትም።

ደግሞስ ሦስት ጥይት ምን ይመሰክራል? በዚያው ጠመንጃ፣ በዚያው ጥይት ሌላ ሦስት ተኩሱ። ስብስቡ እጥፍ ቢሰፋ አትገረሙ። ሰው ያማረችዋን ወረቀት ኪሱ ይከታል፣ የተበተነችዋን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። አፈሙዙ እየበረደ የተተኮሰ የ10 ጥይት ወረቀት ያመጣልኝ ካለ ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ።

ያቺ ወረቀትም ብትሆን የተገኘችው ጠረጴዛ ላይ፣ ጠመንጃው አሸዋ ከረጢት ተደግፎ ነው። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ዳገት ወጥታችሁ ልባችሁ እየደለቀ፣ ቆማችሁ ወይ ተንበርክካችሁ ነው የምትተኩሱት። እንዲህ ሆኖ በ100 ሜትር አምስት ጥይት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳህን ውስጥ የሚከት ሰው ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ጠመንጃ ከመቀየራችሁ በፊት የወረቀት ሳህን ስቀሉና ቆማችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ተንበርክካችሁ ሞክሩ። አምስቱም የሚገቡበት ርቀት የእናንተ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አጋዘን ተዉት፣ ይሂድ።

አንዱ ደግሞ «ይበትናል» ብሎ 700ውን ሊሸጥ መጣ። አፈሙዙን አየሁት፣ ምንም የለበትም። የማነጣጠሪያ መነጽሩን መቀመጫ የፊተኛ ብሎን በመፍቻ ነካ ሳደርገው ያለ ጉልበት ዞረ። አጠበቅኩት። በቃ፣ መበተኑ ቀረ። ሰውዬው ግን ሞዴል 70 ገዝቶ ያንኑ መነጽር ሊያዞርበት ነበር ያሰበው።

«ሞዴል 70 ጥፍር ስላለው 700 አይወዳደረውም»

የሞዴል 70 መቀባበያ እንደ ጥንቱ የጀርመን ጠመንጃ ማውዘር 98 ረጅም የብረት ጥፍር አለው። ጥይቷ ከካርታው (ከጥይት መያዣው) ስትወጣ ቂጧን ይይዛትና እስክትጎርስ አይለቃትም። 700 ግን ጥይቷን ከኋላ ይገፋታል፣ የሚይዛት ስትጎርስ ነው። ዊንቸስተር በ1964 እ.ኤ.አ. ወጪ ለመቀነስ ብሎ ጥፍሩን ሲተው ብዙ ሰው ተቆጣ፣ በ1990ዎቹ መልሶ አመጣው። ስለዚህ አሮጌ ሞዴል 70 ሁሉ ጥፍር አለው ማለት አይደለም፣ ከፍታችሁ እዩ።

ጎሽ ወይ አንበሳ ፊት ለፊት ከሆነ ጥፍር እመርጣለሁ። ለአጋዘን ግን ሁለቱም በደንብ ያጎርሳሉ። የሚነክሰው አብዛኛውን ጊዜ መቀባበያውን በፍርሃት ግማሽ ድረስ ስቦ የሚመልሰው ሰው ጠመንጃ ነው። ቆጥባችሁ አትሳቡ። እስከ መጨረሻው ሳቡና በአንድ ምት መልሱ።

«ትልቅ ጥይት ስህተትን ይሸፍናል»

አይሸፍንም። ሆድ የተመታ አጋዘን በትንሿ ጥይት በ243ም ተመታ በትልቋ በ30-06 እየተሰቃየ ይጠፋል። ክብደታቸው እኩል በሆኑ ጠመንጃዎች የ30-06 ርግጫ ከ243 ወደ እጥፍ ይጠጋል። ርግጫ የሚፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። የማትፈሩትን ምረጡ።

«ረጅም አፈሙዝ አይስትም»

የሚጨምረው ፍጥነት ነው። አለመሳት ሌላ ነገር ነው።

«የፕላስቲክ ሰደፍ ርካሽ ነው»

ያምራል አላልኩም። እንጨት ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታም ይዛወራል።

«መነጽሩን ሱቅ ውስጥ አስተካክለውልኛል»

ሱቁ ወረቀቱ ላይ እንድትደርሱ ነው የረዳችሁ። የቀረውን በራሳችሁ ትከሻ፣ ለአደን በምትይዙት ጥይት ጨርሱ። የጥይት ዓይነት ከቀየራችሁ እንደገና።

«ሴፍቲ ካለው አይተኩስም»

ሴፍቲ፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ የብረት ቁራጭ ነው፣ ይበላሻል። አፈሙዙን ሰው ላይ አለማዞርን አይተካም። የሚገርመው፣ ሁለቱ ጠመንጃዎች በእርግጥ የሚለያዩት እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ ማንም አይጠይቀኝም። የሞዴል 70 ሴፍቲ ሦስት ደረጃ አለው። መሃል ላይ ስታቆሙት መምቻው ተቆልፎ መቀባበያው ይከፈታል፣ ጥይቱን ያለ ስጋት ታወጣላችሁ። ከ1982 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ 700 ግን ሴፍቲው ሲቆለፍ መቀባበያውም ይቆለፋል። የጎረሰውን ለማውጣት ሴፍቲውን ወደ መተኮሻው ማዞር ግድ ነው። አሮጌ 700 ይዛችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የተሠራበትን ዘመን የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡና እንዲህ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አኑሩ፣ ከዚያ ግለጡ። በመነጽሩ ሙሉ ክብ ካያችሁ ሰደፉ ልካችሁ ነው። አንገታችሁን ካሰገጋችሁ መልሱት። ጓንት አድርጋችሁ ሴፍቲውን ነካኩ። ቃታው ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ይለቅ እንደሆነ ስሙት።

ያገለገለ 700 ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የተሠሩና «ኤክስ ማርክ ፕሮ» የተባለው ቃታ ያላቸውን፣ ሳይሳቡ ሊተኩሱ ስለሚችሉ ፋብሪካው ራሱ በ2014 ለጥገና ጠርቷቸው ነበር። ሻጩ ጥገናው መደረጉን ካላሳያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።