ማን ነገረሽ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የተዋሕዶ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እዚሁ ደብረ ብርሃን በሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች መርሐ ግብር ላይ በብጣሽ ወረቀት ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ «አፍንጫን በቀዶ ሕክምና ማሠራት ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነበር። ሲነበብ ከኋላ በኩል የሳቁ ነበሩ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያ ጥያቄ የቀልድ አይደለም። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር በጽሑፍ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር፤ እነሆ። የምጽፈው እንደ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ የራሳችሁ ጉዳይ የሆነባችሁ ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

በቀላሉ እንጀምር። ቤተ ክርስቲያን ከሐኪም ቢላ ጋር ጠብ የላትም። በገጠሩ ስንት እናቶች በትራኮማ የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ እየታጠፈ፣ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን እየፋቀ፣ በወረንጦ እየነቀሉ ዘመናቸውን ገፍተዋል! የጤና ባለሙያው ቆቡን ቀድዶ ወደ ቦታው ሲመልስላቸው መልካቸው በጥቂቱም ቢሆን ተለውጧል፤ «የፈጣሪን ሥራ አበላሹ» ያላቸው ግን የለም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ እሳት ላይ ወድቃ አገጯ ከደረቷ የተጣበቀ ልጅ፣ ጥይት መንጋጋውን የወሰደበት ጎልማሳ፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ሐኪም ሲሄዱ እኛ ጸሎት እንጂ ሌላ የምንጨምርላቸው የለንም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስም ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ ነው የጠራው (ቈላ. 4፥14)።

እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች በመጀመሪያው ቀኖናቸው ስለ ተሰለቡ ሰዎች ክህነት ሲወስኑ፣ ታምሞ ሐኪም የቆረጠውን ሰው በክህነቱ ይቆይ አሉ፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በገዛ እጁ ራሱን የቆረጠውን ግን ከክህነት ይከልከል አሉ። ቀኖናው ስለ መልክ ማሳመር የተጻፈ አይደለምና አፍንጫና ከንፈር ላይ ሕግ አድርጎ መጫን ድፍረት ነው። ነገር ግን አባቶች የቁስሉን ቦታ ብቻ አይተው አልፈረዱም፤ ቢላው ለምን እንደ ተነሣ ጠየቁ። ይህን ያዙልኝ።

የከበደው ጥያቄ ጤነኛው አፍንጫ ነው። ያሸታል፣ ይተነፍሳል፣ አያምም፤ ባለቤቱ ግን አትወደውም። እዚህ ላይ ሁለት የችኮላ መልሶች አሉ፤ ሁለቱም አያረኩኝም።

አንደኛው መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ የሚመጣው ነው። በምዕራፍ 8 ከወደቁት መላእክት አንዱ አዛዝኤል ጌጣጌጥ መሥራትን፣ ኩል መኳልን፣ ዓይንን ማሳመርን ለሰዎች እንዳስተማረ ተጽፏል፤ ስለዚህ መልክ ማሳመር የሰይጣን ትምህርት ነው ይባላል። ይህን ጥቅስ እህቶቻችን ላይ የሚያነብቡ ወንድሞች ግን አንድ ነገር ይዘልላሉ። እዚያው ቁጥር ላይ ከኩሉ አስቀድሞ የተጠቀሰው ሰይፍ ነው፤ ቢላም፣ ጋሻም፣ ጥሩርም አለበት። ኩሉን አውግዞ ሰይፉን ዝም ያለ ሰባኪ መጽሐፉን ግማሹን ነው ያነበበው። የሚገርመው ደግሞ የዛሬው ፕላስቲክ ሰርጀሪ ያደገው ከሰይፉ በኩል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ለመጠገን ሃሮልድ ጊሊስ የሚባል ሐኪም እንግሊዝ አገር ሲድካፕ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተ ሆስፒታል፣ ቆዳን ከአንድ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው የማዛወርን ሥራ አሳደገው። ለተቆረጠ መንጋጋ የተለፋበት ጥበብ ነው ዛሬ ያልታመመ አፍንጫ ማሳጠሪያም የሆነው።

ሁለተኛው መልስ «ይህ የፈረንጅ አመል ነው፣ የእኛ እናቶች በተፈጥሯቸው ነበሩ» የሚለው ነው። እውነት ነው? የመንዝና የተጉለት እናቶች አንገታቸው ላይ የሚወርደው ንቅሳት፣ ድዳቸው የጠቆረው፣ ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል በእሾህና በጥላሸት ነው የገባው፤ ደም ፈሶበታል፣ አብጦ ሰንብቷል። ሹሩባው፣ ኩሉ፣ እንሶስላውስ? ሐዋርያው ጴጥሮስ ውጫዊውን ሽልማት ሲገሥጽ የጠቀሰው «ጠጉርን በመሸረብ» ብሎ ነው (1 ጴጥ. 3፥3)፤ ሹሩባ አያቶቻችን ለበዓል የሚሠሩት ነገር ነው። ማስጌጥ ከእኛው ቤት የነበረ ነገር ነው። ስለዚህ አዲሱን ለማውገዝ አሮጌውን ንጹሕ ማድረግ አያስፈልግም።

እኔ የምሄደው ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ነው። አዳም በደለና ተሸሸገ፤ የተሸሸገበትንም ሲናገር «ዕራቁቴን ስለ ሆንሁ ፈራሁ» አለ። እግዚአብሔርም «ዕራቁትህን እንደ ሆንህ ማን ነገረህ?» አለው (ዘፍ. 3፥11)። ሥጋው ትናንትም ያው ሥጋ ነበር። አንድ ድምፅ በመካከል ገባና አዳም ገላውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለውንም አትዝለሉት፤ እግዚአብሔር አዳምንና ሔዋንን በቅጠላቸው እያፈሩ አልተዋቸውም፤ የቁርበት ልብስ አድርጎ እርሱ ራሱ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥21)። እፍረትን መሸፈን በራሱ የሚያስቆጣው አምላክ አይደለም። ግን ከማልበሱ በፊት ጠየቀ።

እንግዲህ አፍንጫዋን ልታሠራ ለምታስብ እህቴ የምለው ይህንኑ ነው፦ ማን ነገረሽ?

መልሱን ለማግኘት ቴሌቪዥንና ቲክቶክ ድረስ መሄድ የለብንም፤ እነርሱም ድርሻ አላቸው፣ ግን ዘግይተው የመጡ ናቸው። አስቀድሞ የነገራት ሰው ቤት ውስጥ ነው። ልጅ ሆና «ጎራዳዋ ነይ» ያላት አጎቷ ነው። ታላቅ እህቷ ቀይ ስለሆነች «ይቺ ደግሞ በማን ወጣች?» ብላ ቡና ላይ የሳቀች ጎረቤት ናት። ትምህርት ቤት «ከንፈሮ» ያላት ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ዛሬ ምናልባት ከእኛው ጋር መዝሙር ይዘምራል። በሰርግ ላይ ሙሽራይቱን ስናወድስ ሰልካካ አፍንጫ፣ የብርሌ አንገት፣ በረዶ ጥርስ እያልን ነው፤ ማወደሱ ባልከፋ፣ ግን ከዳሱ ጥግ ቆማ የምታጨበጭበው ጎራዳ ልጅ ያን ቀን መለኪያውን በቃሏ ይዛ ትሄዳለች። ሚዜ ሲመረጥ ማን እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም እንጂ። ቅዱስ ያዕቆብ ስለ አንደበት ሲጽፍ «በእርሱ ጌታንና አብን እንባርካለን፤ በእርሱም እንደ እግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንረግማለን» ይላል (ያዕ. 3፥9)። ጠዋት ኪዳን አድርሰን ከሰዓት «ጎራዳ» የምንል ሰዎች ያቺን ልጅ ወደ ቢላው ከገፏት መካከል ነን። ስለዚህ «ኃጢአት ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ የመጀመሪያ መልስ «አዎ፣ ግን መጀመሪያ የእኛ» የሚል ነው።

ወንዶች ልጆች፣ እናንተም ከዚህ አታመልጡም። ፀጉሩ ስለሳሳበት ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ ለማስተከል ብር የሚቆጥብ፣ «ቁመቴ አጠረ» ብሎ ጫማው ውስጥ የሚደርብ ወንድም አለ። ጌታ በተራራው ስብከት ላይ ስለ ፀጉርም ስለ ቁመትም መናገሩን ያስታውሳችሁ።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ገላን እንዴት እንደምታይ ተመልከቱ። ዘወትር የምንጸልየው መልክእ የሚባለው የጸሎት ዓይነት ከራስ ፀጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል «ሰላም ለ…» እያለ ይሳለማል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ጥርስ፣ ጣት፣ አንድም የሚዘለል የለም። አፍንጫ ብዙውን ጊዜ ከመልካም መዓዛ ጋር ይነሣል፤ ዓይን ካየው ምሥጢር ጋር፣ እጅ ከባረከው ጋር፣ እግር ከሄደበትና ከቆመበት ጋር። ሕፃን ሆኜ ስሰማው ረዘመብኝ እንጂ ያስገረመኝ ነገር አልነበረም። አሁን ግን ከራስ እስከ ጥፍር ያለ አካል ሁሉ ሰላምታ እንደሚገባው የሚያስተምር ቤት ውስጥ አድገን፣ ልጆቻችን መስታወት ፊት ቆመው ከራስ እስከ ጥፍር መጥላታቸው ያሳዝነኛል።

የሸዋው ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚሁ በቡልጋ፣ ጽላልሽ ነው የተወለዱት። በጸሎት ብዛት የአንድ እግራቸው አገዳ ተሰብሯል፤ ጥር 24 ቀን ስባረ አጽማቸውን እናከብራለን። ሠዓሊው ሥዕላቸውን ሲሥል ያን እግር አልሸሸገም፤ ሁለት እግር አሟልቶ መሣል ያቅተው ነበር? የወደቀውን እግር ለይቶ አሳይቶ፣ ክንፎቻቸውን ጨምሮ፣ በአንድ እግር አቆማቸው። እኛም የምንሳለመው ያንን ሥዕል ነው። ጌታችንም ሞትን ድል አድርጎ ሲነሣ የችንካሩን ምልክት ሊያጠፋው ሲችል አላጠፋውም፤ ለቶማስ «ጣትህን ወዲህ አምጣ» ያለው በከበረው ሥጋው ላይ ቀርቶ ስለነበር ነው (ዮሐ. 20፥27)። ስለ እርሱ ነቢዩ ኢሳይያስ «መልክና ውበት የለውም፥ ባየነውም ጊዜ እንወድደው ዘንድ ደም ግባት የለውም» ብሎ ነበር (ኢሳ. 53፥2)። በዓለም መለኪያ ተለክቶ የተናቀ ፊት ምን እንደሚሰማው አምላካችን በሥጋው ያውቀዋል። «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁ» የሚለውን መዝሙር (138፥14) ለተጎዳች ልጅ ቶሎ ከማንበብ ይልቅ ይህን ብንነግራት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» (ኤር. 13፥23) የሚለውንም ብዙዎች ይጠቅሱታል። ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው «አዎ፣ ይችላል» ብሎ ሊመልስ ይቃጣዋል። ነቢዩ የሚናገረው ግን ክፋት ስለለመደ ልብ ነው፤ እዚያ የሚደርስ ቅባት ገና አልተሠራም።

ቅባት ካልኩ አይቀር፣ የአገራችን ጭንቀት ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ከብርዷ ጋር ፊት ታጠቁራለች፣ ከወሊድ ጋር ማዲያት ይወጣል። እናም ሱቅ ተሄዶ ስሙ የማይነበብ ቱቦ ይገዛል። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ስቴሮይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት ያለባቸው አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወራት ሲቀቡት ቆዳ ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ሲተዉትም ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ይቃጠላል። ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው የቆዳ ማንጫ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያነጣው የተገዛለትን ፊት መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ፊቷ የተቃጠለባት እህት ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ብትሄድ መልካም ነው፤ ግን የቆዳ ሐኪምንም ታይ፣ ቱቦውንም ይዛ ትሂድ። ከሆድ ስብ ወስዶ ዳሌ ውስጥ በመርፌ መክተት ስለሚባለውም አንድ ቃል፦ ስቡ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ሳንባ ላይ ሲደርስ ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የባለሙያዎች ግምት ከ3,000 አንዷ ትሞታለች ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ ራሳቸው አሠራሩን እንዲያስተካክሉ ተመክረዋል። መልኬ አስቀያሚ ነው የሚል ሐሳብ ቀንና ሌሊት የማያስተኛው ሰው ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አያሳርፈውም፣ አፍንጫው ሲያልቅ ወደ አገጭ ይሻገራል።

በመጨረሻ አስቀድመው ስላሠሩት። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ከንፈሯን ያስሞላች፣ ቆዳዋ የቀላ ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ስትገባ ዓይን ሁሉ ከመቅደሱ ወደ እርሷ ይዞራል። ያቺ ልጅ በስንት ዓመት ስደት ማን ምን እንዳላት፣ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች ማንኛችንም አናውቅም፤ በብሯ ግን የቤታችንን ቆርቆሮ ቀይረናል። እህቴ፣ አትሽሺ፣ ነይ። አጥንቱን መልሰሽ ስበሪው የሚልሽ ካህን የለም። ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪው ሌላ ነገር ካለ እርሱን ንገሪ፦ የቀናሽበት፣ የዋሸሽበት፣ ለእናትሽ መድኃኒት የታሰበውን ብር ያዋልሽበት፣ ወይም የጠላሽውና እስካሁን ይቅር ያላልሽው ሰው። ምናልባት እርሱ ያን ቀን «ጎራዳዋ» ያለሽ አጎትሽ ይሆናል። አጎትየውም እዚህ ካለ፣ የእርሱ ንስሐ አባት ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።