ፔሪንግ ምንድን ነው? ስማርት ማብሰያ ከስልክና ከቤት ዋይፋይ ጋር የሚገናኝበት መንገድ

ፔሪንግ ማለት ለአንድ ዕቃ ሦስት ነገር ማሳወቅ ነው፤ የቤታችሁን የዋይፋይ ስም፣ ፓስወርዱን፣ እና ባለቤቱ ማን እንደሆነ። ስማርት ማብሰያ፣ ማለትም በስልክ አፕ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማብሰያ፣ ሦስቱን ካወቀ ከስልካችሁ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። አንዷ ከጎደለች ግን አፑ ላይ ያለችው ክብ ስትዞር ስትዞር ትቆይና «አልተሳካም» ይላችኋል። ለምን እንዳልተሳካ አይነግራችሁም።

እዚህ ሐዋሳ እንዲህ ዓይነቱ ማብሰያ ብዙ ጊዜ በስጦታ ነው የሚመጣው። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ልጅ «እማዬ እንዳትደክም» ብሎ ይልከዋል። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ አፑ ይወርዳል፣ አይገናኝም። «ተበላሽቶ ነው የመጣው» ይባልና ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዕቃው ደህና ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅም ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

ወደ ዋይፋዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ማብሰያውን ገልብጡና ታቹ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ያቃጥለዋል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እሱም ከማብሰያው ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ማብሰያው 1000 ዋት ከሆነ 1500 ወይም 2000 ዋት የሚችል ግዙ። ከዱባይ የመጣው ግን ቮልቱ ይስማማል። ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ጠንካራ አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው።

አሁን ማብሰያውን ከፊት ለፊት እዩት። ሩዝ፣ ሾርባ፣ ሥጋ፣ ማሞቂያ፣ ማጥፊያ። ፊደል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ስልክ ቢሆን ዋይፋዩን መርጠን ፓስወርዱን እንጽፍለታለን። ለዚህ ግን በምን እንጻፍለት? ፔሪንግ የመጣው ለዚህ ነው። ስልኩ በማብሰያው ፈንታ ይጽፋል፣ ከዚያ የተጻፈውን ለማብሰያው ያስተላልፍለታል። የሚያስተላልፍበት መንገድ ግን አንድ አይደለም።

አንደኛው መንገድ፣ ማብሰያው ለጊዜው የራሱን ትንሽ ሆትስፖት ይከፍታል። ስልካችሁ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ አንድ እንግዳ ስም ብቅ ይላል። እዚያ ትገባላችሁ፣ አፑ የቤታችሁን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ያቀብለዋል፣ ማብሰያው ሆትስፖቱን ዘግቶ ወደ ቤታችሁ ዋይፋይ ይገባል። ይኼኛው ትንሽ ይረዝማል እንጂ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው በጣም የምወደው ነው። ስልኩ ቤት ዋይፋይ ላይ እንዳለ መልእክት በአየር ይለቃል። ማብሰያው ገና ዋይፋዩ ውስጥ ስላልገባ መልእክቱ ለእሱ ተቆልፏል፣ ከፍቶ ማንበብ አይችልም። የእያንዳንዱን መልእክት ርዝመት ግን ማየት ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ስሙንና ፓስወርዱን በርዝመት ይጽፍለታል። አንዱ መልእክት ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ቀጣዩ መካከለኛ። ማብሰያው ርዝመቶቹን እየለካ ፊደል በፊደል ያወጣቸዋል። ያሰበው ሰው ግሩም ነው።

ሦስተኛው በብሉቱዝ ነው። ስልኩና ማብሰያው አጠገብ ለአጠገብ ሆነው በብሉቱዝ ይነጋገራሉ፣ የዋይፋዩ መረጃ በዚያ ያልፋል። አዳዲሶቹ ላይ ይህ እየበዛ ነው፤ ቀላሉም እሱ ነው።

ማብሰያችሁ በየትኛው መንገድ እየጠበቀ እንደሆነ የዋይፋይ መብራቷ ትነግራችኋለች። ብዙዎቹ ላይ የዋይፋዩን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ስትይዙ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው። እንደገና ተጭናችሁ ብትይዙ ብልጭታው ይዘገያል፤ ያ የራሱን ሆትስፖት የከፈተበት ነው። አፑም «መብራቱ በፍጥነት ነው ወይስ በዝግታ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሰው ዝም ብሎ «ቀጥል» ይጫናል። መብራቷ በዝግታ እየበራች አፑ በፈጣኑ መንገድ ቢፈልገው ሁለቱ አይገናኙም።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ 2.4 ጊጋኸርዝ። የዛሬ ራውተሮች ብዙዎቹ ዋይፋይ የሚለቁት በሁለት ሞገድ ነው፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያሸንፈዋል። 2.4ቱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ራቅ ብሎ ይደርሳል። ማብሰያ ውስጥ ያለችው የዋይፋይ ቺፕ ርካሽና ትንሽ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ 2.4ን ብቻ ነው የምትሰማው። «አሥር ደቂቃ ቀርቶታል» ለማለት ፍጥነት አያስፈልጋትማ። ስልካችሁ 5ቱ ላይ ሆኖ በአየር ቢጮህ ማብሰያው በሌላ ሞገድ ላይ ነው፣ አይሰማም። አፑ ግን ይህን አይነግራችሁም።

መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ነው። ራውተሩ ታች የተለጠፈው ወረቀት ላይ እንደ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ያለ ቁጥርና የመግቢያ ፓስወርድ ይኖራል። ስልካችሁ ብራውዘር ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ ግቡ። ሁለቱ ሞገዶች አንድ ስም ይዘው ከሆነ ለያዩዋቸው፤ 5ቱን ስሙ ላይ «5» ጨምሩበት። ከዚያ ስልኩንም ማብሰያውንም 2.4ቱ ላይ አገናኙ። አንዴ ከተገናኙ በኋላ ስልካችሁ ወደ 5ቱ ቢመለስ ችግር የለም።

እዚያው ገብታችሁ ሳለ የደኅንነቱን ዓይነት እዩ። ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ብቻ ተብሎ ከሆነ የቆየ ማብሰያ አይገባም፤ ደብሊውፒኤ2 (WPA2) አድርጉት። የዋይፋዩንም ስም እዩ። በአማርኛ የተጻፈ ስም ደስ ይላል፣ ግን አንዳንድ ዕቃ ያደናብረዋል። የዋይፋይ ስም ጣሪያው 32 ባይት (የኮምፒውተር የጽሑፍ መጠን መለኪያ) ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛል፤ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። ለማብሰያው ስትሉ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ብታደርጉት ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ የግቢያችን አሠራር ነው። ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ሰርቪሱ ጋ ነው። ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። በመሀል የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ቆርቆሮና ብረት ደግሞ ሞገዱን አያሳልፉም፣ ይመልሱታል። ስለዚህ ፔሪንጉን ማድ ቤት ውስጥ አትጀምሩ። ማብሰያውን ሳሎን አምጡት፣ ራውተሩ አጠገብ ሰክታችሁ አገናኙት፣ ከዚያ ማድ ቤት መልሱት። የተነገረውን አይረሳም። ማድ ቤት ሲገባ ከጠፋባችሁ ግን ችግሩ ፔሪንጉ አይደለም፣ ርቀቱ ነው። ራውተሩን ወደ ኋለኛው መስኮት ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ስልኩም የራሱ አመል አለው። አንድሮይድ ላይ የማብሰያው አፕ ሎኬሽን ይጠይቃል። ሰው ይሰጋል፤ ወጥ ለመሥራት የት እንዳለሁ ማወቅ ምን ያደርግለታል ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአካባቢያችሁ ያሉ የዋይፋይ ስሞች ዝርዝር የት እንዳላችሁ ሊያሳብቅ ይችላል። ስለዚህ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ከስሪት 6 ጀምሮ፣ አንድ አፕ ያንን ዝርዝር ለማየት የሎኬሽን ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። «ሲጠቀሙበት ብቻ» የሚለውን መርጣችሁ ፍቀዱ፤ ከተገናኘ በኋላ መልሳችሁ መከልከል ትችላላችሁ። አይፎን ላይ ደግሞ «ሎካል ኔትወርክ» የሚለውን ፍቀዱ። ስልክ ደብተራችሁን ቢጠይቅ ግን እምቢ በሉ። ለዚህ ሥራ አያስፈልገውም።

የማብሰያው ሆትስፖት ውስጥ ስትገቡ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ይላል። እውነቱን ነው። ዳታችሁ ክፍት ከሆነ ግን ስልኩ ተመልሶ ወደ ዳታ ይሸሻል፣ ፔሪንጉም ይቋረጣል። ዳታውን ዝጉ፣ «እንደተገናኘ ይቆይ» በሉት።

ቤት ዋይፋይ የሌላችሁ፣ በሞባይል ሆትስፖት የምትጠቀሙም ትችላላችሁ። ሁለት ስልክ ግን ይቀላል። በአንዱ ሆትስፖት ክፈቱ፣ በሌላው አፑን ተጠቀሙ። ሆትስፖቱ 2.4 ላይ መሆኑን ሴቲንግ ውስጥ እዩ፤ አይፎን ከሆነ ተኳኋኝነትን ከፍ የሚያደርገውን አማራጭ አብሩ። ሆትስፖት ያበራው ሰው ስልኩን ይዞ ሲወጣ ማብሰያውም ከመስመር ይወጣል።

ሦስተኛዋ ነገር፣ የባለቤትነት ጉዳይ፣ ብዙ ሰው የማያስባት ናት። አቶቴ አካባቢ አንዲት የማውቃቸው እናት ስልካቸውን አቀበሉኝና «ልጄ፣ ሌላ ሰው ወስዶታል ይላል። ኧረ እዚሁ አለ፤ ማን ነው የወሰደው?» አሉኝ። ማብሰያው ጠረጴዛው ላይ ነው። የዋይፋይ መብራቱ ቀጥ ብሎ በርቷል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጃቸው ዱባይ ሳለ እንዲሠራ ብሎ ሞክሮት ነበር። በራሱ አካውንት አስመዝግቦታል። ዕቃው ሐዋሳ ይሁን እንጂ በሰርቨሩ (የኩባንያው የሩቅ ኮምፒውተር) መዝገብ ባለቤቱ ልጁ ነው። ደወልንለት። አፑ ውስጥ ገብቶ ማብሰያውን ከአካውንቱ ሰረዘው። እኛ የዋይፋዩን ቁልፍ ተጭነን ያዝን፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች፣ እና በእሳቸው ስም ገባ። ለልጃቸውም መልሰን ሼር አደረግንለት። «አሁን እናቴ ምን እየሠራች እንደሆነ አያለሁ» አለ፣ ድምፁ ላይ ደስታው ያስታውቃል።

ያገለገለ ማብሰያ የምትገዙ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ሻጩ ፊታችሁ ከራሱ አፕ ላይ ይሰርዘው፣ ከዚያ ብሩን ስጡ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ዕቃ ደግሞ አፑ ላይ አገር ስትመርጡ ቻይናን ካልመረጣችሁ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ዕቃውን የሚያውቀው የዚያ አገር ሰርቨር ስለሆነ ነው።

ሰርቨር ስል ምን ማለቴ ነው? ስልካችሁና ማብሰያው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እንኳ ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይነጋገሩም። ሽማግሌ እንደ መላክ ነው፤ ትእዛዙ ከስልካችሁ ተነስቶ ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ማብሰያው ጋ ይመጣል። ሥራ ቦታ ሆናችሁ ማብሰያውን ማጥፋት የምትችሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት የሌለ ቀን አፑ «ኦፍላይን» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ቁልፎቹን በእጃችሁ ብትጫኑ እንደ ማንኛውም ማብሰያ ይሠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ፔሪንጉ አይጠፋም፤ የተነገረው ነገር ማስታወሻው ውስጥ ተቀምጧል። ራውተሩ ተነስቶ እስኪያበቃ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ እንጂ ወዲያው ሪሴት አታድርጉት። ያቋረጠውን ማብሰል መቀጠል አለመቀጠሉ ግን እንደ ሞዴሉ ነው።

ከርቀት ማዘዝ ይቻላል ሲባል ጠዋት ሥጋ ከትታችሁ ለማታ አትቅጠሩት። የሐዋሳ ሙቀት ውስጥ ጥሬ ሥጋ ቀኑን ሙሉ መዋል የለበትም። ለኔ የአፑ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ማየት፣ ረስታችሁ የወጣችሁበትን ማጥፋት። አፑ ውስጥ ያሉትን የማብሰያ ሰዓቶችም እንዳሉ አትውሰዷቸው። ብዙዎቹ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። በፕሬሸር ስታበስሉ ከሰዓቱ ላይ 15 በመቶ ያህል ጨምሩ፤ አፑ ለቦሎቄ 30 ደቂቃ ካለ 35 አድርጉት።

አንድ ቀን ራውተር ትቀይሩ ይሆናል፤ ወይ ይበላሻል፣ ወይ ኩባንያ ትቀይራላችሁ። ያኔ ፔሪንጉን ከመጀመሪያው መድገም የለባችሁም። አዲሱን ራውተር 2.4 ላይ የድሮውን ስምና የድሮውን ፓስወርድ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳትስቱ ስጡት። ማብሰያው ራሱ ፈልጎ ይገባል።