ፈተና ይዛወርልኝ ማለት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፈተና ሰሞን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢም ግቡ ፖሊ ግቢ፣ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ቲቸሩን ብለምነው ያዛውርልኝ ይሆን?» ዶርም ውስጥ መካሪው ብዙ ነው። ምክሩ ግን ተማሪውን ሲጎዳው አያለሁ።

«መምህሩ እሺ ካለ አለቀ»

ኩዊዝ ከሆነ አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ነው። ፋይናል ግን ፕሮግራም የወጣለት፣ ክፍልና ፈታኝ የተመደበለት ነው። መምህሩ «ዲፓርትመንት ሄዱን (የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ) አናግር» ሲል እየገፋችሁ አይደለም። መንገዱን እያሳያችሁ ነው።

«በአንድ ቀን ሁለት ፈተና ካለብኝ ይዛወርልኛል»

በአንድ ቀን መሆኑ ብቻውን ብዙም አያስኬድም። በአንድ ሰዓት ከተጋጩ ግን ጥያቄያችሁ ጠንካራ ነው። ኮርስ አድ ያደረገ (ከመደበኛው ላይ ተጨማሪ ኮርስ የያዘ) ተማሪ ይህ ይገጥመዋል። ፕሮግራሙ በተለጠፈ ዕለት ተናገሩ፤ የፈተናው ዋዜማ ላይ አይሆንም።

«ሀዘን ማስረጃ አይጠየቅበትም»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። መርዶ ለተማሪ ቶሎ አይነገርም። ቤተሰብ «ፈተናውን ይጨርስ» ብሎ ይደብቃል። ልጁ ግን ከአገሩ ልጅ ወይም ከፌስቡክ ይሰማና በሌሊት ተነስቶ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ማን ወረቀት ያስባል? አገሩ ደቅ ደሴት ከሆነ ደግሞ የሚመለሰው ጀልባ ሲያገኝ ነው። መምህራን ይህን አያጡትም፤ እነሱም ቀባሪ ናቸው። ሆኖም ጉዳዩን ለዲፓርትመንቱ ሲያቀርቡ የሚያሳዩት ነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ከቀበሌው ማህተም ያለው ደብዳቤ አጽፉ። የሟች ስም፣ ዝምድናችሁና ቀኑ ይኑርበት። ስትነሱ ደግሞ ለክፍል ተወካያችሁ ደውሉ። ጉዳዩን ለመምህሩ ያደርስላችኋል፤ እናንተም ቢያንስ በዚያ አትጨነቁም።

«ታሪኩ ሲረዝም አንጀት ይበላል»

የፈተና ወረቀት ተቆልሎበት ለሚያርም ሰው አይረዝምም። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ያመለጠው ተማሪ ሜካፕ፣ ማለትም ምትክ ፈተና፣ ለመጠየቅ ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሁለተኛ ዓመት፣ ሴክሽን 2 ተማሪ ነኝ። ትናንት ማታ ሆስፒታል ስለተኛሁ የነገውን ሚድ መውሰድ አልችልም። የሕክምና ማስረጃዬን አያይዣለሁ። ሜካፕ የምወስድበትን መንገድ ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።»

ከስር ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር። ምክንያቱ፣ ማስረጃውና ጥያቄው አለ፤ ልመና የለም። ለብቻው ላኩለት፣ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ አትደውሉለት።

የሕክምና ወረቀት ከነገርን አይቀር፣ «ከየትም ይምጣ» የሚሉ አሉ። በፍጹም! ሐሰተኛ ማስረጃ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል። የእውነት የታመመውንም ተማሪ እምነት ያሳጣዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

«ሜካፕ ቅጣት ነው፣ ሆን ብለው ያከብዱታል»

ጥያቄው መለወጡ ግድ ነው፤ የመጀመሪያው ወጥቷላ! ምዕራፉ ግን ያው ነው። ሌላው የተፈተነበትን አጥንታችሁ አትግቡ።

«ካለፈ በኋላም ይደርሳል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፋይናል ላይ ሳትቀመጡ ከቀራችሁ በግሬዱ ቦታ ኤንጂ (NG፣ «ግሬድ የለም» ማለት ነው) ሊገባ ይችላል። በጊዜው ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ሊዞር ይችላል። ማመልከቻ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ስላለ በተሻላችሁ ወይም በተመለሳችሁ ማግስት ዲፓርትመንት ሂዱና ቀኑን ጠይቁ። ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ የተቀበላችሁ ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት። እሱን ሜካፑን ተፈትናችሁ ግሬዱ እስኪገባ ድረስ እንዳትጥሉት።