ሽንት ማምለጥና የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የወለደች ሴት ሽንት ቢያመልጣት ያለ ነው፤ ይለመዳል»
ያለ ነገር ነው፤ ግን ይታከማል። ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ጄሪካን ሲያነሱ ለሚያመልጥ ሽንት የመጀመሪያው ሕክምና ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛንና ፊንጢጣን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ) ልምምድ ነው። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሞክሬዋለሁ፣ አልሠራልኝም»
አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ብዙዎች ወደ ላይ መሳብ ሲገባቸው እንደ ማማጥ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይህ የላላውን ጡንቻ ጭራሽ ይለጥጠዋል። ቂጥና ጭን መጨበጥ፣ ትንፋሽ መያዝም የተለመዱ ስህተቶች ናቸው።

በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ይጠፉ። ፈስ እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙት አድርገው ፊንጢጣዎን ያጥብቁ፤ ሳይለቁ ወደ ፊት እስከ ሽንት መውጫው ድረስ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ። ጀማሪ 3 ሰከንድ ይያዝ፤ በሳምንታት ውስጥ እስከ 10 ሰከንድ ያሳድግ። ከዚያ ያንኑ ያህል ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ሳይለቁ ደጋግሞ መሳብ ጡንቻውን ያደክመዋል እንጂ አያጠነክረውም። ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይድገሙ፣ ጥቂት ፈጣን ሳብ-ለቀቅ ይጨምሩ፤ በቀን 3 ዙር።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ንጹሕ ጣትዎን በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያኑሩ። ሲስቡ ቦታው ከጣትዎ ከሸሸ ልክ ነዎት፤ ጣትዎን ከገፋው እያማጡ ነው። ጡንቻውን ካገኙት በኋላ ከማሳልዎ ወይም ዕቃ ከማንሳትዎ አፍታ ቀድመው ይሳቡት።

«ሽንትን መሃል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ይሻላል»
ጡንቻውን ለመለየት አንድ ጊዜ ቢሞከር ነው። ልማድ ከሆነ ፊኛው በደንብ አይራገፍም፤ የቀረው ሽንት ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

«ውሃ መቀነስ ነው መፍትሔው»
የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የሆድ ድርቀትም ይመጣል፤ በድርቀት ማማጥ ደግሞ ጡንቻውን ይጎዳዋል። የሚቀነሰው ቡና ነው፦ ከአቦል በኋላ ቶናና በረካን ማለፍ። (ቡናውን ለምታፈላዋ ማስረዳቱ ይከብዳል፣ ግን ይጠቅማል።)

«ልምምዱ ማንንም አይጎዳም»
ጡንቻው ከመጠን በላይ የተወጠረባቸው አሉ፤ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም ሽንት ለመጀመር መቸገር ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ማጥበቅ ያባብሳል። ቅድሚያ የሚሰጠው ሆድን በሚነፋ ቀስ ያለ ትንፋሽ ጡንቻውን ማላላት ነው።

«ፌስቱላም በልምምድ ይድናል»
ከረዘመ ምጥ በኋላ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት በፊኛና በሴት ብልት መካከል ቀዳዳ (ፌስቱላ) መኖሩን ይጠቁማል። ልምምድ ቀዳዳ አይዘጋም፤ ሳይዘገዩ ወደ ፌስቱላ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ከተጠገነ በኋላም በሳል ጊዜ ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ፤ ፊዚዮቴራፒ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

«የሴቶች ጉዳይ ነው»
ፕሮስቴታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው ወንዶችም ይህንኑ ይሠራሉ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢማሩት ይመረጣል። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) እስኪወጣ ድረስ ግን ልምምዱ ይቆማል።