ጥቁሩን ቀለም ወደ ሳጥኑ መልሱት

ጀማሪዎችን የውሃ ቀለም ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጦ አያውቅም። በሳጥኑ ውስጥ ካሉት አሥራ ሁለት ቱቦዎች መጀመሪያ የሚያልቀው ጥቁሩ ነው። ቢጫው ክዳኑ ሳይነካ፣ ወይን ጠጁ እንደታሸገ፣ ጥቁሩ ግን ከሥሩ ተጠቅልሎ እስከ አንገቱ ተጨምቋል። «ጋሼ፣ ጥቁር ጨርሻለሁ፤ የሚያውሰኝ ይኖራል?» የሚል ድምፅ ከኋላ ከመጣ የዕለቱ ትምህርት ስለ ከተማ ሌሊት መሆኑን በር ላይ የቆመ ሰውም ያውቃል።

ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር። «ሌሊት ጥቁር ነው» የሚለው እምነት ስህተት ነው። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ይህን መናገር ባላስፈለገኝ ነበር። ፀሐይ ከገባች ከሩብ ሰዓት በኋላ ጣና ዳር ቆማችሁ ቀና በሉ። የምታዩት ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ይህ ሰማያዊ የቀኑ ሰማይ ትርፍራፊ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ከአድማስ በታች ስትሆን ብርሃኗ በኦዞን ንብርብር ውስጥ ረጅም መንገድ ያቋርጣል፤ ኦዞኑም ቢጫውንና ብርቱካናማውን ስለሚውጥ ወደ እኛ የሚደርሰው ሰማያዊው ይሆናል። ይህች ሰዓት በእኛ አገር አጭር ናት። በኅዳር ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች። ከዚያ በኋላ ያላችሁ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

«እሺ፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓትስ?» ትሉኛላችሁ። ያኔም ቢሆን ጥቁር አይደለም። ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ወደ ከተማው ዙሩ። የመንገድ መብራቱ፣ የሆቴሉና የሱቁ ብርሃን ወደ ላይ ወጥቶ በአየሩ ውስጥ ያለው አቧራና እርጥበት ይበትነዋል፤ ከጣሪያዎቹ በላይ ያለው ሰማይ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ወይን ጠጅ ይሆናል። አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ዙሩ። እዚያ መብራት ስለሌለ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ግን ወደ ሰማያዊ ነው የሚጠቁረው። አንድ ሰማይ በአንድ ሰዓት ሁለት ቀለም አለው። ይህን ያላየ ሰው ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት አንድ ምሽት ወጥቶ ይቁም። የቤት ሥራ ብዬ የምሰጠው እሱን ነው፤ ብዙዎቹ አይሠሩትም፤ ያልሠሩት ደግሞ ወዲያው ይታወቁብኛል።

ስልኩን አውጥቶ የሚከራከረኝም አይጠፋም፤ «ይኸው፣ ፎቶው ላይ ጥቁር ነው» ይላል። የስልክ ካሜራ መብራቱ እንዳይፈነዳበት ሲጠነቀቅ ጨለማውን ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል። ፎቶው የሚያሳያችሁ ካሜራው ያልቻለውን ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ማታ ማታ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነበር። ሥዕል ተምሮ አያውቅም። የመጀመሪያውን የሌሊት ሰማይ ሲሠራ ሰማያዊውን ከቀይ ጋር አዋሕዶ ቀባ፤ ጥቁሩን አልነካውም። ለምን እንዳልነካው ስጠይቀው «ሌሊቱን ሙሉ ውጪ ነኝ፤ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ አይቼው አላውቅም» አለኝ። ከእሱ አጠገብ ለዓመታት በእርሳስ ሲሠራ የኖረ ሰው ጥቁር ግድግዳ የመሰለ ሰማይ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

በቱቦ ያለው ጥቁር የሚያበላሸው ለምንድን ነው? የውሃ ቀለም ውበቱ ያለው በግልጽነቱ ነው። ብርሃን ቀለሙን አልፎ ነጩን ወረቀት ይነካና ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። በቱቦ የሚሸጠው ጥቁር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጥላሸት ወይም ከተቃጠለ አጥንት ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብርሃን ይውጠዋል። ሲደርቅ ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ጥቁር ጨርቅ ይመስላል፤ ጥልቀት የለውም። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደዚያ ነበር የምሠራው። ከዚያ ጊዜ ያስቀረሁትን አንድ ሥዕል አሁንም ለተማሪዎች አሳያለሁ። ሐይቁ ሐይቅ አይመስልም፤ አስፋልት ነው የሚመስለው።

በምትኩ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ከቡናማ ጋር ደባልቁ፤ በርንት ሲየና የሚባለው ቡናማ ካላችሁ የበለጠ ጥሩ ነው። ለሰማዩ ሰማያዊው ይብዛ፤ ለዛፎቹና ለሕንፃዎቹ ቡናማው ትንሽ ይጨመር። ከተማው አጠገብ ለሚሆነው የሰማይ ክፍል ጥቂት ቀይ ጣል አድርጉበት። ሦስት ቀለም ብቻ ይዛችሁ ሦስት ዓይነት ጨለማ አገኛችሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት አለ። «ሰማዩ በደንብ ጠቁሯል፣ ይበቃል» ይባላል። እርጥብ የውሃ ቀለም ሁልጊዜ ከደረቀው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። በቂ መስሎ የታያችሁ ሰማይ ሲደርቅ ማለዳ ይሆናል። ቀለሙ እንደ ሻይ ከቀጠነ ሌሊት አይወጣውም፤ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን ነው የሚይዘው። አንድ ጊዜ ቀብታችሁ አድርቁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ንብርብር ደርቡ። መድረቁን በዓይናችሁ አትፍረዱ። የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥብ ነው። በግማሽ የደረቀ ወረቀት ላይ ብሩሽ የሚመልስ ሰው የጎመን አበባ የመሰለ እድፍ ያተርፋል፤ እሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም።

ስለ መድረቅ ከተነሳ፣ ከውጭ አገር ቪዲዮ የተማሩ ልጆች «ወረቀቱን አርጥብና አሥር ደቂቃ ሥራ» የሚለውን ቃል በቃል ይዘው ይመጣሉ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ግማሽ ሰማይ ሳትቀቡ ወረቀቱ ይደርቅባችኋል። በበጋ ወረቀቱን በፊትም በጀርባም አርጥባችሁ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ላይ አንጥፉት። በሐምሌና በነሐሴ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

«መብራቶቹ መጨረሻ ላይ በነጭ ቀለም ይጨመራሉ» የሚለው ሁለተኛው ራስ ምታቴ ነው። ይህ የዘይት ቀለም አሠራር ነው። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ መብራት ማለት ያልቀባችሁት ቦታ ነው። የውሃ ቀለም ነጭ በጨለማ ላይ ስታስቀምጡት ጨለማው ይጠጣውና ይጠፋል፤ ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል። ጓሽ የሚባለው ወፍራም ቀለም የተሻለ ይሸፍናል፤ እሱን ግን ለጥቂት ነጥቦች ብቻ፣ ሁሉም ነገር ከደረቀ በኋላ ተጠቀሙበት። ትላልቆቹን መብራቶች ከመጀመሪያው አቅዱ። በአድማሱ ላይ ቀጭን ቢጫ ቀቡና ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ካላደረቃችሁት ሰማያዊው ወርዶ ይገናኘውና ከተማው አረንጓዴ ሰማይ ይኖረዋል፤ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ወረቀት ላይ ብርሃን የሚያስቀር ልዩ ፈሳሽ መግዛት ግዴታ የሚመስላቸውም አሉ። ፈሳሹ ብሩሽ ያበላሻል፤ እንደልብም አይገኝም። አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በቀጥታ ወደ ትምህርቱ መጥተው ነበር፤ ቦርሳቸው ውስጥ ነዶ የተረፈ ጧፍ ነበራቸው። ሰጡኝና ቢጫ ተቀብቶ በደረቀው ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች አጭር አጭር መስመር አሰመርኩበት። በላዩ ላይ ጥቁር ሰማያዊውን ስናሳልፍበት ሰሙ ውሃውን ገፋው፤ ቢጫዎቹ መስመሮች እንደ መብራት ብቅ አሉ። እኚያ እናት «እውነተኛ መብራት!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ጧፍ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሰም የነካው ቦታ ዳግመኛ ቀለም አይቀበልም። ከማስመራችሁ በፊት ቦታውን ወስኑ።

አሁን ወደ ውሃው። «ነጸብራቅ ማለት ከተማውን ገልብጦ መሣል ነው» ይላሉ። ውሃው እንደ መስታወት ከረጋ ልክ ናችሁ። ጣና ግን እንዲያ የሚረጋው አልፎ አልፎ ነው። ነፋስ ሲነካው እያንዳንዷ ትንሽ ሞገድ ለራሷ መስታወት ትሆናለች፤ ከመብራቱ ጀምሮ እስከ እናንተ ድረስ ያሉት ሞገዶች ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ብርሃን ይልኩላችኋል። ነጥብ የነበረው መብራት ረጅም ምሰሶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምሰሶው ሁልጊዜ ከመብራቱ በቀጥታ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አይጋደምም፤ ብትንቀሳቀሱም ይከተላችኋል። ወደ ጎን ያዘነበለ ነጸብራቅ ያለበት ሥዕል ሳይ ሠሪው ውሃ ዳር እንዳልቆመ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። ማታ ዳርቻው ላይ ቁሙና የመብራቶቹን ምሰሶዎች በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ግን በአግድም ጥቁር መስመሮች እየተቆራረጡ ነው የሚወርዱት። ስትሠሩትም እንዲሁ አድርጉ። የውሃውን ቀለም ቀጭን አድርጋችሁ በምሰሶው ላይ አቋርጡት። ደግሞም የመብራቱ ነጸብራቅ ከመብራቱ ትንሽ ይደበዝዛል፤ እኩል ካደረጋችኋቸው ሐይቁ ሐይቅ መሆኑ ይቀራል።

«ባሕር ዳር ፎቅ የላትም፣ ምን ይሣላል?» እያሉ የኒው ዮርክን ፎቶ ከስልክ የሚገለብጡትን ማየት ያሳዝነኛል። የከተማ ቅርጽ የሚሠራው ከፍታው አይደለም፤ ጣሪያው ከሰማዩ ጋር የሚሠራው መስመር ነው። የእኛ መስመር ሀብታም ነው። ዘንባባዎቹ እንደ ተበተነ ጸጉር ከሰማዩ ላይ ይወጣሉ፤ የዋርካው ጉብታ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና መስቀሉ አለ፤ ሁለት ሦስት ሆቴሎች ከመካከል ቀና ይላሉ፤ ከኋላ የቤዛዊት ኮረብታ ተጋድሟል። ሳጥን ከሳጥን አጠገብ ከመደርደር ይህ እጅግ ይቀላል፤ ዘንባባ ቢጣመም ማንም አያስተውልም፤ ፎቅ ቢጣመም ግን ሁሉም ያያል። ኮረብታውን ከሰማዩ ትንሽ ብቻ አጥቁሩት፤ ፊት ለፊት ያሉትን ዛፎች ከሁሉም አብልጡ። ጥልቀት የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

መስኮት ሁሉ በርቶ አይሣልም። እንደ ባለካሬ ደብተር የተሰመረ ሕንፃ ሕይወት የለውም፤ ከአሥር መስኮት ሁለት ወይም ሦስት ይብሩ፤ አንዱ ሰፈር ጨርሶ መብራት ቢጠፋበትም ከእውነቱ አልራቃችሁም።

ውድ ቀለም አያስፈልግም። ወረቀት ግን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይይዛል፤ ውድ ቀለም ገዝቶ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ይቀባና «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፤ ቀለሙም በሸለቆዎቹ ውስጥ ይጠራቀማል። 300 ግራም የሆነ፣ ከተቻለ ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ፈልጉ። አንዱን ትልቅ ወረቀት አራት ቦታ ብትቆርጡት አራት ሌሊት ይወጣዋል። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ሁሉንም በወረቀቱ ላይ አውጡት።

ትንሽ ብሩሽ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ውሸት ነው፤ ሰማይ በትልቅ ብሩሽ፣ በጥቂት ምልልስ ነው የሚቀባው። ኮከቦችንም አንድ በአንድ አትትከሉ፤ ከተማው በበራበት አቅጣጫ ኮከብ ጥቂት ነው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትንሽ ጓሽ ወደ ላይኛው የሰማይ ክፍል ብቻ እርጩ፤ ጣሪያዎቹን ግን በወረቀት ሸፍኑ።

በመጨረሻም ወረቀቱን ለመያዝ በዙሪያው የለጠፋችሁት ፕላስተር ነገር ነው። ቀለሙ እንደደረቀ ሲመስላቸው ቀድደው የሚያነሱት ብዙዎች ናቸው፤ የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ መጎተት ከጠርዙ ተላጥቶ ሲነሣ አይቻለሁ። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ቅዝቃዜው መጥፋቱን በእጃችሁ ጀርባ አረጋግጡ፤ ከዚያ ፕላስተሩን ከሥዕሉ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ፣ ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት።