የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ምንድን ነው?

ከሸዋ ሮቢት የተነሳ መኪና ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ዋሻ እስኪደርስ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጭነት የያዘ አውቶማቲክ ደብል ጋቢና እዚህ ዳገት ላይ መጀመሪያ የሚፈተነው በካምቢዮ ዘይቱ ነው። ማቀዝቀዣው የሚያስፈልገውም ለዚህ ዘይት ነው።

ዕቃው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ በውስጡ የሚዞረው ግን ውሃ ሳይሆን የካምቢዮ ዘይት ነው። አብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች አንዱን ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። በዋናው ራዲያተር የታችኛው ወይም የጎን ጋን ውስጥ ስለተቀበረ አይታይም፤ የሚታዩት ወደ ካምቢዮው የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ናቸው። ሰዎች «ማቀዝቀዣ ላስገጥም» ሲሉ የሚያወሩት ከራዲያተሩ ፊት ስለሚታሰረው ሁለተኛው ነው።

ሙቀቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው ሞተሩን ከካምቢዮው በሚያገናኘው ክፍል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ሁለት ፊት ለፊት የተቀመጡ ፋኖች አስቡ፤ አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ የሚወረውረው ዘይት ደግሞ ሌላውን ይገፋል። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳ የውስጥ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጋቸው መንሸራተት የለም። ቀስ እያለ ዳገት ሲወጣ ግን መቆለፊያው ይለቅና አንዱ ፋን ከሌላው ፈጥኖ ይዞራል፤ በመካከላቸው የሚጠፋው ጉልበት ሁሉ ዘይቱን ያሞቃል። ጤነኛ ካምቢዮ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል። ከ120 ካለፈ ዘይቱ ይቃጠላል፣ ይጠቁራል። መካኒኮች እንደ መመሪያ የሚይዙት፣ ከልኩ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ እንደሚቀንስ ነው። ላስቲክ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ መንሸራተቱ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። በዚያ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ዳገቱ ላይ ማርሹን ከዲ አውርዶ 3 ወይም 2 ላይ ማድረግ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ኮንቨርተሩ ግን ያነሰ ይንሸራተታል። ጫፍ ላይ ሲቆም ደግሞ ፒ ላይ አድርጎ ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳያጠፉ መተው ያዋጣል።

ለመግጠም ዋናው ጥያቄ ዘይቱ በየትኛው ቅደም ተከተል ይሂድ የሚለው ነው። ትክክለኛው መንገድ ከካምቢዮ ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ አዲሱ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮ ነው። ራዲያተሩን ዘለው በቀጥታ ወደ አዲሱ የሚያገናኙ አሉ፤ ለሸዋ ሮቢት ቆላ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፣ ለደብረ ብርሃን ግን ጥሩ ምክር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱ ወፍሮ ያድራል፤ ጠዋት ላይ ዘይቱን የሚያሞቀው የራዲያተሩ ውሃ ነው። ዘይቱ ካልሞቀ ማርሹ ዘግይቶ ይገባል፣ ብዙዎቹ ካምቢዮዎችም መቆለፊያውን አይዘጉም። ራዲያተሩ የግድ መዘለል ካለበት ቴርሞስታት ያለው፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ማቀዝቀዣውን የሚያስዘልል ማለፊያ ቫልቭ ይግባ።

ተመላሹን ቱቦ ለመለየት፣ በቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ ሁለቱንም በእጅ መንካት ነው። ቀድሞ የሚሞቀው ከካምቢዮ የሚወጣው ነው፤ አዲሱ ማቀዝቀዣ የሚገባው በሌላው ላይ ነው። ከተለያዩት ዓይነቶች ጠፍጣፋ ሳህኖች የተደራረቡበት ይመረጣል፣ ለወፍራም ዘይትም ቶሎ መንገድ ይሰጣል። ከኤሲ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ካለው የኤሲ ማቀዝቀዣ) ፊት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ በብረት ማሰሪያ ይታሰር። በኮንደንሰሩ ክንፎች መካከል ሰክተው የሚያስሩት የፕላስቲክ ገመድ ርካሽ ነው፤ ንዝረቱ ግን ኮንደንሰሩን እስኪበሳ ይፈጨዋል። ጎማ ቱቦው ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ወይም የቤንዚን ቱቦ በትኩስ ዘይት ያብጣል። የብረቱ ቱቦ ከተቆረጠ ጫፉ እንደገና ዙሪያውን አበጥ መደረግ አለበት፤ ልሙጥ ብረት ላይ የታሰረ ጎማ ግፊት ሲመጣ ይወልቃል፣ ካምቢዮውም ዘይቱን መንገድ ላይ ያፈሳል።

መኪናው በክሪክ ከፍ ብሎ ሳለ ዘይቱንም መቀየር ይገባል። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ቋሚ ድጋፍና ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ታፖ ይፈታ፤ መሙያው አልፈታ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዞ መቅረት ይመጣል። አንድ ጊዜ ማፍሰስ ሁሉንም አያወጣም፣ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። 10 ሊትር ከሚይዝ ካምቢዮ 3.5 ሊትር ቢወጣ፣ አዲሱ ዘይት 35 ከመቶ ብቻ ነው፤ በመካከሉ እየነዱ በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ሲያደርጉት 58፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን 73 ከመቶ ይደርሳል። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ላይ ግራጫ ጭቃ መኖሩ የተለመደ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ ያንን ማቀዝቀዣ አያድነውም።

የዘይቱን ዓይነት የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይወስናል። ቶዮታ ደብልዩ ኤስ የተባለውን ዘይት የሚጠይቅ ካምቢዮ ላይ ቲ ፎር የተባለውን ሌላ የቶዮታ ዘይት መቀላቀል አይገባም፣ ቀለማቸው ቀይ መሆኑ አያሳስት። አዲሱ ማቀዝቀዣና ቱቦው ተጨማሪ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይይዛሉ። መለኪያ ዘንግ ያለው ካምቢዮ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ሁሉም ላይ ተዘዋውሮ ፒ ላይ ሲመለስ ይለካል። ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ደግሞ መኪናው ልክ ተስተካክሎ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የመመልከቻው ታፖ ይፈታል፤ በቀጭኑ መንጠባጠብ ሲጀምር ልኩ ነው። እነዚህን ዘንግ የሌላቸውን ከዚያ በላይ ሞቀው መለካት ዘይቱ አብጦ የተሟላ ያስመስለዋል።

ብዙ ካምቢዮ የሚሞትበት ሌላ በሽታ አለ። ራዲያተሩ ውስጥ የተቀበረው የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ከተበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፣ ዘይቱም ሮዝ ወተት ይመስላል። ዝገት መከላከያ የሌለው ተራ ውሃ ለዓመታት መጨመር ይህን ያፋጥነዋል። ውሃውና በራዲያተር ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ግላይኮል የፍሪሲዮን ሸራውን ሙጫ ያላቅቁታል፤ ስለዚህ ዘንጉ ላይ ሮዝ ወተት ከታየ ሞተሩን ማስነሳት አይገባም፣ መኪናው ተጭኖ ይሄዳል።