የሴሮቶኒን ተቀባዮች

ሴሮቶኒን «የደስታ ኬሚካል» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። በሰውነት ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ እንጂ አንጎል ውስጥ አይደለም። ሥራውም ብዙ ነው፦ አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ የደም ሥር ያጠብባል፣ ያስመልሳል፣ በእንቅልፍና በስሜትም እጁ አለበት። በየቦታው ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት ግን እሱን የሚይዙት፣ በሕዋስ ሽፋን ላይ የተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው።

ተቀባዩ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ተመራማሪዎቹ ጋደምና ፒካሬሊ እ.ኤ.አ. በ1957 በጊኒ ፒግ አንጀት ላይ ባደረጉት ሙከራ አሳዩ። ዛሬ በሰባት ቤተሰብ የተከፈሉ 14 ያህል ዓይነቶች ይታወቃሉ። ከቤተሰቦቹ ለየት ያለው ሦስተኛው ነው፤ አምስት ክፍሎች ገጥመው የሠሩት ቀዳዳ ሲሆን፣ ሴሮቶኒን ሲነካው በቅጽበት ተከፍቶ ሶዲየምና ሌሎች አየኖችን (ኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶችን) ያሳልፋል። የቀሩት ሁሉ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ እያቋረጡ የሚያልፉ ረጃጅም ፕሮቲኖች ናቸው። ውጭ ሴሮቶኒን ሲይዛቸው ቅርጻቸውን ይለውጡና ውስጥ ያለውን ጂ-ፕሮቲን፣ ማለትም ምልክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን፣ ይቀሰቅሳሉ። አንደኛው ቤተሰብ በዚህ መንገድ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን መልእክተኛ ይቀንሳል፤ አራተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ይጨምሩታል። ሁለተኛው ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም እንዲለቀቅ ያደርጋል።

ለመድኃኒት ቀማሚ ይህ ብዛት ዕድልም አደጋም ነው። ኦንዳንሴትሮን ሦስተኛውን ተቀባይ ዘግቶ የካንሰር መድኃኒት የሚያመጣውን ትውከት ያስታግሳል። ሱማትሪፕታን 1ቢ እና 1ዲን ቀስቅሶ የማይግሬን ሕመምን ያቀላል (ቁጥሩ ቤተሰቡን፣ ፊደሉ በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ዓይነት ያመለክታል)። (በብዛት የሚታዘዙት የድብርት መድኃኒቶች፣ ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉት፣ በቀጥታ የሚይዙት ተቀባይን ሳይሆን ሴሮቶኒንን ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚመልሰውን አጓጓዥ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።)

አደጋውን ያሳየው ፌንፍሉራሚን ነው። ክብደት ለመቀነስ ይሰጥ የነበረው ይህ መድኃኒት የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሰውነት ሲሰባብረው የሚገኘው ኖርፌንፍሉራሚን በቫልቮቹ ላይ ያለውን 2ቢ ተቀባይ እየቀሰቀሰ ሕዋሳቱን ያበዛ ነበር። የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሰው ግን 2ሲ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ውሁድ ገና በላቦራቶሪ ሳለ 2ቢን ይቀሰቅስ እንደሆነ መፈተሽ የተለመደ ሆኗል። ፌንፍሉራሚን ራሱ በ2020 ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ተመልሶ ተፈቅዷል፤ የሚወስዱት ሕሙማን ልብ ግን በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታያል።

ዘመዳሞቹን መለየት የቀለለው የተቀባዮቹ ቅርጽ በክሪስታል መታየት ሲጀምር ነው፤ የ1ቢ እና የ2ቢ ቅርጽ በ2013 ይፋ ሆነ። በ2017 ደግሞ ኤልኤስዲ የተባለውን ቅዠት አምጪ ዕፅ የያዘ 2ቢ ታየ። ኤልኤስዲ ከገባ በኋላ የተቀባዩ አንድ እጥፋት እንደ ክዳን ይገጠምበታል። ተመራማሪዎቹ ክዳኑን በሚውቴሽን (በዘረመል ለውጥ) ሲያላሉት ኤልኤስዲው ፈጥኖ ወጣ፤ ዕፁ የሚያመጣው ስሜት ለሰዓታት የሚቆየው ለምን እንደሆነ አንዱ ማብራሪያ ይኸው ነው።